በእናቴ ጭን ላይ የተቀመጠችው ጠርሙስ

የእህቴ ጸጉር መክፈያ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ነበር። ድሮ ከግንባሯ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ማጅራቷ የሚወርደው መስመር፣ አንድ ሰሞን መሐል አናቷ ላይ ሲደርስ ጥምዝ እያለ በጆሮዋ በኩል ይዞር ጀመር። እናቴ ይህን ያየችው ቆይታ ነው። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ አይቼው ነበር፤ አይቼም ቀንቼ ነበር።

ጸጉራችንን የምትሠራን አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታናሽ፣ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፋ የምትኖር ልብስ ሰፊ። ተራ በተራ ጉልበቶቿ መሐል ታስቀምጠንና መርፌ የለመደ ጣቷን ጸጉራችን ውስጥ ትሰዳለች። እህቴን ሁሉም ሰው ሚጢጢ ነበር የሚላት። እሷ አምስት ዓመቷ፣ እኔ ስምንት። ለእኔ ደግሞ አክስቴ ያወጣችልኝ ስም ኩርፊያ ነው።

«የሚጢጢን ዓይነት መስመር አውጪልኝ» አልኳት።

«የሷ እኮ ጠማማ ነው።»

«እኔም ጠማማውን ነው የምፈልገው።»

«ኩርፊያ፣ አንቺ እኮ ሚጢጢ ስታነጥስ አፍንጫሽን ትጠርጊያለሽ» ብላ ሳቀችና ጠማማውን አወጣችልኝ።

እናቴም ሁለታችንን በአንድ ዓይነት ጠማማ መስመር ስታየን የእህቷ አዲስ ፈሊጥ መሰላት። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ማበጠሪያው እዚያ ቦታ ሲደርስ ሚጢጢ ታለቅሳለች፤ አክስቴም «ልጅ ናት፣ ራሷን መነካት አትወድም» ብላ ዙሪያውን ትሄዳለች። አንድ ቀን እናቴ ሚጢጢን ስታጥብ፣ ከሳሙናው አረፋ ሥር ጣቷ አንድ ለስላሳ ነገር ውስጥ ስምጥ አለ። እጇን መንጭቃ አወጣችና እህቴን እርጥቧን በፎጣ ጠቅልላ፣ በነጠላ ጫማ አክስቴ ቤት ድረስ ሮጠች። እኔም ከኋላ።

«ይሄ መስመር የዞረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

አክስቴ ቀና አለች። ቀጥላ እህቴን አየቻት፤ እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ።

እናቴ የተቆጣችው በፈሊጡ መስሎኝ፣ የእኔንም ትፈታዋለች ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። የእኔን ማንም አልፈታውም።

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ከመደርደሪያው ማዶ አንገቱን አስግጎ የሚጢጢን ራስ አየና «ጭርት ነው» አለ። ቅባት ሰጠ። «በማበጠሪያም በትራስም ይተላለፋል። ሌላ ልጅ ካለዎት ይለዩዋቸው።»

በዚያው ምሽት የሌሊት ልብሴ በከረጢት ሆኖ ወጣ።

«ለጥቂት ቀን አክስትሽ ጋ ታድሪያለሽ» አለች እናቴ።

«ሚጢጢስ?»

«እሷ እኔ ጋ ናት።»

«ለምን እሷ?»

«እሺ በይኝ እንጂ ልጄ። ዛሬ እንኳ እሺ በይኝ።»

እሺ አልኩ፤ ነገሩ ግን ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። እናት ሁለት ልጅ ሲበዛባት አንዷን ትመርጣለች፤ የተረፈችውን ደግሞ ለእህቷ ትሰጣለች። አክስቴ ልጅ አልነበራትም፤ ስለዚህ ሒሳቡ በደንብ ይገጥም ነበር።

ቀን ቀን ወደ ቤት እሄዳለሁ። ለሚጢጢ አዲስ ማበጠሪያ ተገዝቶላታል፣ ቀይ። አዲስ ፎጣ፣ ጠርዙ ላይ ዓሣ ያለበት። ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ታድራለች፤ እኔ እንድተኛበት አንድም ቀን ያልተፈቀደልኝ አልጋ። እኔ እየሮጥኩ ስደርስ እናቴ ሁለት እጇን ሊጥ እንደነካው ሰው ወደ ላይ ታነሳና «ቆይ፣ ልታጠብ» ትላለች። ታጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና ታጥባ እስክትመለስ ወይ ሚጢጢ ትጠራታለች፣ ወይ እኔ አኩርፌ ሄጃለሁ።

አክስቴ ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። እናቴ በየምሽቱ እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ ትመጣና ከበሩ አልፋ ሳትገባ «ራሷን ስታክ አየሻት? ትራሱ ላይ የቀረ ጸጉር አለ?» ትላለች። አክስቴ «ግቢና እይያት እንጂ፣ ልጅሽ አይደለች እንዴ» ስትላት፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ «በእጄ ይዤው ብመጣስ?» ብላ ትመለሳለች። እኔ በዚያን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ የስፌት መኪናው ዘይት እየሸተተኝ፣ ማንም የማይፈልገኝ ልጅ ሆኜ ተኝቻለሁ።

ቅባቱ አልሠራም። እብጠቱ አበጠ፣ ፈነዳ፣ መግል አወጣ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ጎን ሌላ ትንሽ እብጠት ተከተለ። ሚጢጢ ሆስፒታል ተወሰደች። ቀዶ ሐኪሙ እባጭ ነው ብሎ ከፍቶ ጠረገው፤ መድኃኒት አዘዘ። ዳነ ሲባል ተመልሶ አበጠ፤ ደግሞ ከፈተው። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ጸጉሯ ተላጭቶ ራሷ ላይ ነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ያለች መሰለችኝ። ጎረቤቱ ብርቱካንና ብስኩት ይዞ ይገባል። የሰፈሩ ባለሱቅ እንኳ፣ ለሕፃን ከረሜላ ሲሰጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ፣ አንድ ሙሉ ፓኬት አመጣላት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የሚገባውን ሁሉ አያለሁ። አንዷ ጎረቤት ልትወጣ ስትል አየችኝና «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «እኔንም ራሴን ያመኛል» አልኳት። «አይዞሽ» ብላ ሄደች።

አባቴ አናጢ ነው። የሥራ ቤቱ ከግቢያችን ጀርባ ነበር፤ ግድግዳው ሥር ከፈረሰ መጋዘን የተገዛ አሮጌ ጣውላ ተቆልሏል። ዝናብ ስለመታው እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እሱ ሲጨነቅ አይናገርም፤ ይልጋል። በዚያ ሰሞን ከምሽት እስከ ንጋት የማያልቅ ሥራ ያለው ይመስል አንዱን ሳንቃ ደጋግሞ ይልገው ነበር፤ ሳንቃው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ለምንም የማይሆን ቀጭን ነገር ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ መጥታ ስትነግረው ሰማሁ።

«ከቆረጠው ሥጋ ምንም ጀርም አልተገኘም አሉ። ዕጢ ሊሆን ይችላል ይላል። ሰፋ አድርጎ ሊቆርጠው ነው።»

«ምን ያህል ሰፋ?»

«የእጄን መዳፍ ያህል። ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ይለጥፍበታል። እዚያ ቦታ ጸጉር አይበቅልም አለኝ። አጥንቷ ጋ ደርሶ ከሆነ ደግሞ…»

አባቴ መላጊያውን አስቀመጠ። «መቼ?»

«በሚመጣው ሳምንት። ብቻ እሱ ራሱ ልቡ አልሞላም መሰለኝ፣ ከመቁረጤ በፊት የቆዳ ሐኪም ትያት አለኝ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ለሚጢጢ አዲስ ቆዳ ሊደረግላት ነው። አዲስ ማበጠሪያ፣ አዲስ ፎጣ፣ አሁን ደግሞ አዲስ ቆዳ።

በማግስቱ እናቴ «አንቺም ትሄጃለሽ» ስትለኝ ግን ዓለም የኔ ሆነች። ያለኝን ደህና ቀሚስ ለበስኩ። አክስቴም ሚጢጢን ለማዘል አብራ መጣች። እናቴ ለምን እንደወሰደችኝ ዛሬ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አክስቴ «ትናንት ትንሽ ስታክ አየኋት» ብላት ነበር። ጸጉሬን የሚያሳክከኝ ግን ለሳምንታት አክስቴ ሳትፈታው የቆየ ሹሩባ ነበር።

የቆዳ ሐኪሟ ቀጭን ሴት ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጎማ ያለው ወንበር፣ አንድ የሚታጠፍ መብራት። የሚጢጢን ፋሻ ቀስ ብላ ፈታችና መብራቱን አስጠግታ ዝም ብላ አየች። እኔ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሰው ሲታይ አይቼ አላውቅም። ቀጥላ እብጠቶቹን በጣቷ ተከትላ ወደ ጆሮዋ ጀርባ ወረደች።

«በመስመር ነው የሄደው» አለች ለራሷ። «እናት፣ እዚህ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ወግቷት ያውቃል? እሾህ፣ ሚስማር፣ እንጨት?»

«ኧረ የለም ዶክተር። ከዓይኔ መች ትለያለች? ቢወጋት አላይም?»

«ያስቡ እስቲ። ከወራት በፊት ሊሆን ይችላል።»

«የለም። ወድቃ እንኳ አታውቅም።»

ሁሉም ስለ ሚጢጢ ያስባል። አክስቴ ታስባለች፣ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። ደህናው ቀሚሴ ለማንም አልታየ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እኔንም ወግቶኛል» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ።

«ወግቶኛል። የኔ እንዲያውም ከሷ ይበልጣል። ደም ወጥቶኛል፤ እሷ ዝም ብላ ነው ያለቀሰችው።»

ዶክተሯ ወንበሯን በእግሯ ገፍታ በጎማው እየተንከባለለች ፊቴ ድረስ መጣች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ምንድን ነው የወጋሽ?»

«ጣውላው።»

«የቱ ጣውላ?»

ነገርኳት። ድብብቆሽ ስንጫወት የጣውላው ቁልል ሥር ገብተን እንደነበር፤ ስንወጣ ሚጢጢ ቀድማ ቀና ስትል ራሷን ስንጥሩ እንደወጋት፤ እኔ ስንጥሩን ከጸጉሯ ውስጥ ስነቅል ክንዴን ሌላው እንደጫረኝ፤ አባባ እዚያ እንዳንገባ ከልክሎን ስለነበር ለማንም እንዳልነገርን። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። የቀረው ቀጭን ነጭ መስመር ነው።

«ጣውላው እርጥብ ነው?»

«አረንጓዴ ነገር አለበት። ይሸታል።»

ፈገግ አለችልኝ። ያ ፈገግታ ለእኔ የተሰጠ መሰለኝ፤ ዛሬ ሳስበው ለጣውላው ነበር። ወደ እናቴ ዞረች።

«ባለፈው የተቆረጠውን ሥጋ በምን ውስጥ አድርገው ላኩት?»

«በሆነ ውሃ። ዓይን የሚያቃጥል።»

«ሁሉንም?»

«አንድ ብልቃጥ ነው። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያደረስኩት።»

«ፎርማሊን ነው እሱ» አለች ዶክተሯ። «ሥጋው እንዳይበላሽ ደግ ነው፤ ግን ውስጡ ያለውን ሕይወት ሁሉ ይገድላል። እኔ የምጠረጥረው አንድ ዓይነት ፈንገስ ነው፤ በእንጨትና በአፈር ላይ የሚኖር። ጸጉር ላይ እንደሚወጣው ጭርት አይደለም፣ በስንጥር ገብቶ ከቆዳ ሥር ነው የሚሠራው። በማይክሮስኮፕ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አይታይም። አብቅሎ ማየት ነው ያለው። የሞተ ነገር ደግሞ አይበቅልም። ምንም አልተገኘም ያሏችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል።»

«ዕጢ አይደለም ማለት ነው?»

«አላውቅም፣ እናት። ራስ ቅል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገጥመንም። ሳናውቅ ግን አይቆረጥም። ለቀዶ ሐኪሙ እኔ እደውልለታለሁ።»

ከሚጢጢ ራስ እንደገና ትንሽ ሥጋ ተወሰደ፤ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በፎርማሊን፣ ሌላው በንጹሕ የጨው ውሃ። ሚጢጢ አክስቴ እቅፍ ውስጥ ሆና ጮኸች። ከዚያ ዶክተሯ እኔን መብራቱ ሥር አስቀመጠችና ሹሩባዬን አስፈትታ ጸጉሬን በጣቷ እየከፈለች አየች። እንደዚያ ያለ ደስታ አላስታውስም። ዓይኔን ጨፍኜ እንዳያልቅ ተመኘሁ።

«ምንም የለሽም» አለችኝ።

«በደንብ ይዩት።»

«በደንብ አይቻለሁ።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽ እንኳ» አለችና ሳቀች።

እናቴ ያን ስትሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ምንም ስለሌለኝ ያዘነች መሰለኝ። እንደ ሚጢጢ የሚታይ ነገር እንኳ የለኝም። ዛሬ የገዛ ልጆቼን ራስ ሳበጥር፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ ጣቴን ስትነካኝ መብራት አስጠግቼ ስመረምር፣ ያን ቀን እናቴን ምን እንዳስቀመጣት አውቃለሁ። ከቤት ስትወጣ በልቧ ሁለታችንንም ቀብራ ነበር የወጣችው።

የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ፈንገስ አያበቅልም። የሚያበቅለው ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ ላብራቶሪ ነው፤ በተላላኪ ቢሰጥ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው የሚደርሰው። እናቴ «እኔው እወስደዋለሁ» አለች። አክስቴ ሚጢጢን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። እኔና እናቴ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ለስንት ጊዜ ተመኝቼው፣ እኔና እሷ ብቻ።

ግን ብቻችንን አልነበርንም። ጠርሙሷ ነበረች። ክዳኗ ሰማያዊ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ። እናቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት መዳፏ ከበበቻት።

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«እዚህ፣ አጠገቤ።»

«ጭንሽ ላይ ነው የምፈልገው።»

«ዛሬ አይሆንም። ትደፋለች።»

አውቶቡሱ ሲነቀነቅ እናቴ ከወገቧ በላይ አብራ አትነቀነቅም፤ ጠርሙሷን እንደሞላ ብርጭቆ ይዛታለች። ፀሐይ ስትገባባት በነጠላዋ ጋረደቻት። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ለእኔ አልነበረም የምታወራው። ጠርሙሷ ውስጥ የሚጢጢ ቁራሽ እንዳለች አውቃለሁ። አንዲት ቁራሽ ሚጢጢ ከሙሉ እኔ በለጠች ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንድ ሰውዬ ሊቀመጥ ሲል ክርኑ ነካት፤ እናቴ እንዲህ ባለ ዓይን ስላየችው መልሶ ቆመ።

የላብራቶሪው ባለሙያ ወፍራም፣ ፉጨት የማያቋርጥ ሰው ነበር። እናቴን በበሩ ስትገባ ሲያይ ፉጨቱን አቆመ።

«እናት፣ ሕፃን ነው ወይስ ጠርሙስ የያዙት?»

«ሁለቱንም» አለችው።

ቀልዱን ተወ። ጠርሙሷን በእናቴ አያያዝ ተቀበላት።

«ቶሎ አይጣልብኝ» አለች እናቴ። «ምንም አልወጣም ብላችሁ እንዳትጥሉት።»

«ፈንገስ ሰነፍ ነው፣ እናት። ባክቴሪያ በማግስቱ ይነሳል፤ ይሄኛው ተጨቅጭቆ ነው። ሳምንታት አቆየዋለሁ። እኔ ሳልነግርዎት የትም አይሄድም።»

ቀዶ ሐኪሙ ለመጠበቅ ተስማማ፤ እብጠቱ ከሰፋ ግን አልጠብቅም አለ። እናቴ በየጠዋቱ የፋሻውን ዳርቻ በክር ትለካለች። በየከሰዓቱ ደግሞ ከባለሱቁ ስልክ ትደውላለች፤ ከዚያ ማዶ የሚሰማው «ገና ነው» ብቻ ነው። ባለሱቁ የስልኩን ሒሳብ መጠየቅ ተወ። እኔ ከረሜላው ማሰሮ አጠገብ ቆሜ፣ እናቴ ለወፍራሙ ሰውዬ የምትናገርበትን ለስላሳ ድምፅ እሰማለሁ፤ በእሱም ቀናሁ።

አንድ ቀን «ገና» አላላትም። ባለሱቁ ወንበሩን ገፋላት፤ አልተቀመጠችም። እጄን ያዘችና፣ አጥብቃ ያዘችና፣ በዚያው ወደ አውቶቡስ።

ባለ ፉጨቱ የሚጢጢ ቁራሽ የተዘራበትን የመስተዋት ቱቦ ወደ ብርሃን አንስቶ አሳየን። ውስጡ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ርጥብ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል፤ ዳሩ ጥቁር ማለት ጀምሯል። «ይኸውልዎት» አለ፣ ልጁን እንደሚያስተዋውቅ ሰው። እናቴ በመስተዋቱ ላይ ተደፍታ አየችው። እኔ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር አይታ እናቴ ለምን እንደምትስቅና እንደምታለቅስ አልገባኝም። አንዴ ቱቦውን አንዴ እኔን ታያለች።

ዶክተሯ ስታረጋግጥ ክፍሏ ውስጥ አባቴም ነበር፤ ሰጋቱራው ከቅንድቡ ሳይራገፍ። የጠረጠረችው ፈንገስ ነው። መቆረጥ የለበትም። በወተት የሚጠጣ ጠብታ አለ፤ ለወራት ይወሰዳል፣ ቀስ እያለ ይደርቃል። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ይኖረው እንደሆነ እንጂ ጸጉሯ ይመለሳል።

«ለእህቷስ?» አለች እናቴ። «ይተላለፋል?»

«ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከጣውላው ነው የመጣው። ለይተዋቸው ነበር እንዴ?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አነሳችኝ። ስምንት ዓመቴ ነው፣ እግሬ ጉልበቷ ድረስ ይንጠለጠላል፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ አላወረደችኝም። አባቴ ቤት እንደደረስን የጣውላውን ቁልል በጓንት እያነሳ ጋሪ ላይ ጫነው። አንድም ሳንቃ አላስቀረም።

ለሚጢጢ ወተት ተሞቀ፤ እናቴ ጠብታውን ትንፋሿን ይዛ ጣለችበት። ወተት ለብቻዋ፣ በሸክላ ስኒ። ዞር ስትል አንስቼ ተጎነጨሁት፤ ምላሴ ላይ የዛገ ሚስማር የላስኩ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ ስቆም ሚጢጢ ጨርቅ በተጠመጠመ ራሷ ቀና ብላ «ሌላውንም ጨርሽልኝ» አለችኝ። እናቴ ስኒውን ከእጄ ነጥቃ «አንቺ ደግሞ ምን ቀረብሽ ብለሽ ነው» አለችና፣ ለኔ ባዶውን ወተት ቀዳችልኝ።

በዚያ ምሽት እኔና ሚጢጢ አንድ አልጋ ላይ ተኛን።

«ኩርፊያ» አለች በኋላ።

«ምን?»

«አክስቴ ጋ ስታድሪ የስፌት መኪናውን ትረግጪ ነበር?»

«አንዳንዴ።»

«ቁራጭ ጨርቅስ ትሰጥሽ ነበር?»

«ትሰጠኝ ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔን ብቻ ነው ሁልጊዜ ሆስፒታል የሚወስዱኝ» አለች። ድምፅዋን አወቅሁት፤ የእኔ ድምፅ ነበር። ከረጢቴ ውስጥ እጄን ከትቼ ካጠራቀምኩት ቁራጭ አንዱን፣ አበባ ያለበትን፣ አወጣሁና ሰጠኋት። ደህናውን አይደለም። ደህናውን ለራሴ አስቀረሁ።

እናቴ የውጭው ደጃፍ ላይ ነበረች። አባቴ ከውጭ ገብቶ ጫማውን ሲያራግፍ ይሰማል።

«ዝጊው እንጂ፣ ብርዱ ይገባል» አላት።

«ልያቸው መጀመሪያ።»

መጥታ በራችን ላይ ቆመች። የተኛሁ መሰልኩ። ሁለት ራስ አንድ ትራስ ላይ አየች፤ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ የእግሯ ኮቴ በየምሽቱ እኔን ልታይ ትወጣበት ወደነበረው የውጭ በር ሄደ፤ መዝጊያው ጠበቅ ብሎ ገጠመ፤ ቁልፉም ዞረ።